በስልሳ ላይ የምትንቀጠቀጠው መኪና

«ዓይናቸው ሄዷል እኮ! ዘመድ ናቸው እየተባለ እስከ መቼ የሰው መኪና ይበላሻል? ዛሬ ማታ ክፍሉን ይልቀቁልኝ እላቸዋለሁ፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል።»

እቴቴ ይህን የሰማችው በቆርቆሮ ግድግዳ በኩል ነው። ከግድግዳው ወዲህ የዕቃ ማጠቢያው አለ፤ እሷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በናፍጣ ሳፋ ውስጥ ግራሶ የጠገበ ብረት ትፈትግ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የሚናገረው ልጇ ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ ያገኘውን ወረቀት በመስታወት አሳስሮ ከጋራዡ በር በላይ ከሰቀለ ወዲህ ሰው ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ከከንፈሩ። የሚያናግረው ደግሞ የደንበኛቸው የአንዲት አዋላጅ ሹፌር ነው፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ እስኪተኛ ድረስ አፉ ስለማይዘጋ ስሙ «ሬዲዮ» ሆኖ ቀርቷል። ዓይናቸው ሄዷል የተባሉት ጋሼ ቁልፍ ናቸው፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም። የቁልፍ ቁጥር ሳያዩ በጣታቸው ለይተው ስለሚያነሱ ነው «ቁልፍ» የተባሉት። ጋራዡ ከተከፈተበት ቀን አንስቶ ቀን መኪና ሥር፣ ሌሊት ከጋራዡ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተኝተው ኖረዋል። ሚስት አላገቡ፣ ልጅ አልወለዱ። ከዚያ ክፍል ቢወጡ የሚገቡበት ሌላ ክፍል በዚህ ምድር ላይ የለም።

እቴቴ ብድግ ብላ አልጮኸችም። ነገር በሰሙ ቁጥር መጮህ እንቁላል የጣለች ዶሮ ሥራ ነው ባይ ናት። ብረቱን ከሳፋው አውጥታ አንጠባጠበች፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ጆሮዋን ግን ከቆርቆሮው አላነሳችም። ባለፈው ሳምንት ልጇ ጋሼ በሌሉበት ያችን ክፍል ገብቶ በሜትር ሲለካ አይታው ነበር። «ምን ልታደርግበት ነው?» ስትለው «እንዲሁ ነው እማዬ» ብሏት አልፏል። እንዲሁ ነው የሚል ሰው መቼም እንዲሁ አይለካም። አሁን ሲናገር የሰማችው ነገር ከዚያ ሜትር ጋር ገጠመላት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በአንዲት አሮጌ ባለ አራት እግር፣ ማለትም በአራቱም ጎማዋ የምትጎተት፣ መኪና ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ድስት ክዳን የምትጮህ፣ አዋላጇ ከከተማው ዳር ዳር ያሉ እርጉዞችን እየዞረች የምታይባት መኪና ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ለትንሽ ሥራ ገባች። ካርዳኗ፣ ማለትም ከካምቢዮው የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ረጅም ዘንግ፣ በሁለት ጫፉ ያሉት መገናኛዎች አርጅተው ነበርና ወርዶ ተቀየሩለት። ያወረደውም መገናኛውን የቀየረውም ኢንጂነሩ ነው፤ መልሰው ያሰሩት ጋሼ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ ስልሳ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች። ኢንጂነሩ መጀመሪያ «ጎማ ነው» ብሎ ጎማዎቹን አስመዘነ፤ አልተዋትም። ቀጥሎ «ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ልሟል» ብሎ ሱፖርቶ ቀየረ፤ ይብሱን ተንቀጠቀጠች። አሁን ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አዋላጇም «ዛሬ ካልዳነች ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ፤ የወሰድኩበትንም ምክንያት ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ» ብላ ላከች። ሰው ሲጨንቀው መፍትሔ ይፈልጋል፤ መፍትሔ ሲያጣ ግን ጥፋተኛ ይፈልጋል። ካርዳኑን የነካው የመጨረሻው እጅ የማን ነው? የጋሼ። አለቀ።

ኢንጂነሩ «አዲስ ጎማ ይዤ እመጣለሁ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። በአባቱ ጊዜ በዚህ ግቢ አንድ ሕግ ነበር፦ መጀመሪያ ተቀመጥባት፣ ከዚያ ፍታት። መኪና ታመመች ሲባል ቁልፍ አይነሳም፤ መካኒኩ መጀመሪያ ይሳፈርና መንገድ ላይ ያዳምጣታል። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲፈታ ሲያስር አንድ ቀን አልተቀመጠባትም። እቴቴ ነጠላዋን አጣፋች።

«ሬዲዮ፣ ና አዙረኝ።»

«ወዴት እቴቴ? ሰርግ አለ እንዴ?»

«የምላስህ ቀብር አለ። ንዳ።»

ከፊት ወንበር ገባች። ወንበሩ ተተርትሮ በፕላስተር ተጣብቋል፤ ከኋላ የጓንት ካርቶን፣ የታጠፈ ብርድ ልብስና ክዳኑ የማይገጥም የመድኃኒት ሳጥን ተደርድሯል፤ መኪናዋ በረኪናና አቧራ ትሸታለች። ከሰፈሩ ወጥተው ከብሎኬት ማምረቻው አለፍ ሲሉ ቀጥ ያለው መንገድ ተገኘ። እቴቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች፣ እጇን ደግሞ ከታፋዋ ሥር አስገብታ በመዳፏ መቀመጫውን ያዘች። ሬዲዮ በጎን አያት፤ ሊቀልድ ፈልጎ ፊቷን አይቶ ተወው። ይህን ሥራ የተማረችው ከማንም ትምህርት ቤት አይደለም። ባሏ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጆሮው ከድቶት ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሞተር ጩኸት የበላው ጆሮ። ደንበኛ እንዳያውቅበት እሷን «ነይ ንፋስ ተቀበይ» እያለ ይጭናትና እሷ ትሰማለት ነበር፤ እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ለደንበኛው ይናገራል፣ ደንበኛውም «ይሄ ሰው ጆሮው ተአምር ነው» እያለ ይሄዳል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን በመሪ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከፊት ጎማ፣ በመቀመጫ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከኋላ እንደሆነ ከፊደል ቆጣሪ ልጇ በፊት ታውቃለች።

አርባ ላይ መኪናዋ እመቤት ናት። ሃምሳ አምስት ላይ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። ስልሳ ላይ የውስጥ መስታወቱ ምስል ተንቀጠቀጠ፣ የመድኃኒት ሳጥኑ ክዳን ተንቀጫቀጨ፣ መቀመጫው ከመዳፏ ሥር እንደ ብርድ በሽተኛ ጉልበት ያርበደብዳት ጀመር።

«መሪው ይዘልብሃል?»

«መሪውማ እንደ ሙሽራ ጭጭ ነው። የሚጨፍረው ቂጤ ነው፣ ይቅርታ እቴቴ።»

«ቂጥህ አይዋሽም። የሚዋሸው አፍህ ነው። አሁን ሰባ አድርሳትና ማርሹን አውጣ።»

ማርሹን አወጣ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ መኪናዋ በራሷ ሩጫ ተንሳፈፈች። መንቀጥቀጡ ግን አልወረደም፤ ፍጥነቱ ራሱ እስኪበርድ ድረስ እንደያዛት ቆየ። ሞተሩ ቢሆን ኖሮ ማርሹ ሲወጣ ከሞተሩ ጋር ይበርድ ነበር። እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። «ሞተሩ ንጹሕ ነው። ያንን ሱፖርቶ ያለ ኃጢአቱ ነው ያባረራችሁት» አለች። ጎማው ደግሞ ተመዝኗል። ከካምቢዮ በኋላ፣ ከጎማ በፊት የሚሽከረከር ነገር ምን ቀረ? ካርዳኑ። ግን መገመት አንድ ነው፣ ማወቅ ሌላ ነው፤ በግምት ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ ሌላ ሰው አለ፣ እሷ አይደለችም።

ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ጋሼ ቁልፍ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝተዋል፤ ከውጭ የሚታዩት ሁለት ጫማዎች ብቻ ናቸው፣ የአንዱ ክር ተፈቷል። እቴቴ አልጠራቻቸውም። ስለ እሳቸው ሲባል የሚደረገውን ነገር እሳቸው እንዲሠሩት አልፈለገችም። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አስቆመች፣ ደረጃዋን አንድ በአንድ እየያዘች ወረደች፤ ጉልበቷ በእያንዳንዱ ደረጃ ስሟን ይጠራታል። ሬዲዮ ከላይ ሆኖ «እቴቴ፣ ኧረ ለዕድሜዎ ይዘኑ!» ይላል። «ዕድሜዬን እኔ አዝንለታለሁ፣ አንተ አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ» አለችው። በካርዳኑ ፊት አራት፣ በኋላ አራት ቡሎን አለ። ስድስቱን ራሷ ፈታች፤ ሁለቱ እምቢ ብለው ሬዲዮ ወርዶ እየተሳደበ አላቀቃቸው። ዘንጉን ተቀብላ እንደ ሕፃን አቅፋ አወጣችው። ባለ አራት እግር መኪና ደግነቷ ይሄ ነው፤ የኋላ ካርዳኗን አውልቀህ በፊት እግሯ ብቻ ትሄድልሃለች። ሬዲዮ የፊት ጎማዎቹ መሃል ያለውን ማያያዣ አዞረ፣ የአራቱን እግር ማርሽ አስገባ፣ ካርዳኑን ጠረጴዛ ላይ ጥለው እንደገና ወጡ።

ሃምሳ። ምንም። ስልሳ። ምንም። ሰባ ላይ የመስታወቱ ምስል እንደ ፎቶ ቆመ፤ የመድኃኒት ሳጥኑ ክዳን እንኳን ዝም አለ። ሬዲዮም ዝም አለ፤ በሕይወቱ እንዲህ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ብሎኬት ማምረቻው ጋ እስኪደርሱ ቃል አልወጣውም። ከዚያ «አሁን በእናቷ ማህፀን ያለች ነው የምትመስለው» አለ። እቴቴ ሳቀች፤ የዛሬ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ደስ ያላት ለመኪናዋ ብቻ አይደለም። ካርዳኑ ከሆነ ጥፋተኛው ካርዳኑን ፈቶ የገጠመው ሰው ነው፤ ካርዳኑን ፈቶ የገጠመው ደግሞ ጋሼ ሳይሆኑ ያ ወረቀቱን የሰቀለው ልጇ ነው። ጋሼ የተዘጋጀ ዕቃ ተቀብለው ስምንት ቡሎን ነው ያሰሩት። ልጇ ስምንት ሰዓት ሲመጣ በሬዲዮ ፊት፣ ማለት በከተማው ሁሉ ፊት፣ ምን እንደምትለው ቃል በቃል እያዘጋጀች ተመለሰች።

ካርዳኑን ከመስኮቱ ብርሃን ሥር አጋደመችው። ዘንጉ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ መሃሉ ላይ እንደ ክንድና እጅጌ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ነው፣ መንገዱ ሲጎረብጥ እንዲረዝምና እንዲያጥር። ክንዱና እጅጌው የሚያያዙት በጥርስ ነው። በሁለቱም ጫፍ እንደ ሹካ ያሉ ጆሮዎች አሉት፤ የሁለቱ ጫፍ ጆሮዎች በአንድ መስመር፣ ፊት ለፊት መቆም አለባቸው፤ አንዱ ሲወዛወዝ ሌላው መልሶ ያርመዋል። አንዲት ጥርስ ስታ ከገባች ግን መታረም ቀረ፤ አንዱ ቀኝ ሲል አንዱ ግራ ይላል፣ መኪናዋም ሁለት ሽማግሌ ማስታረቅ እንዳቃተው ትዳር ትንቀጠቀጣለች። አጎንብሳ በአንድ ዓይኗ ጫፍ ከጫፍ አየች። አንዲት ጥርስ ስቷል። ለዚህ ነው ካርዳን ከመፈታቱ በፊት በጠመኔ ሁለቱ ላይ አንድ መስመር የሚሰመርበት፤ ሲገጠም መስመሩ እንዲገናኝ። ልጇ መስመሩን አላሰመረም ማለት ነው! ልታረጋግጥ ክንዱን ከእጅጌው መዝዛ አወጣችው። ጥርሶቹ መሃል፣ በግራሶው ውስጥ፣ አንዲት አረንጓዴ ክር ተጣብቃለች።

እቴቴ ክሯን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ብርሃኑ አቀረበቻት። የሱፍ ክር ናት። በዚህ ጋራዥ ውስጥ ሱፍ የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሷ ዕቃ የምታጥብበት፣ ከሟቹ አሮጌ አረንጓዴ ሹራብ የቀደደችው ጨርቅ። ሌላው ሁሉ በክርታስና በአሮጌ ሸሚዝ ነው የሚጠርገው። ቆማ ሳለች ያ ቀን ተመልሶ መጣባት። ልጇ አዲሶቹን መገናኛዎች አስገብቶ፣ ጨርሶ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞት ምሳ ሄደ። አዎ፣ ነጭ የጠመኔ መስመር ነበረው፤ አይታዋለች። ግን ውስጡ አሸዋ ነበር፣ ዳር ዳሩን ጭቃ በልቶታል። «እንዲህ እንደ ቆሸሸ ሊያስሩት ነው? እኔ ባልኖር ይሄ ጋራዥ አሳማ ጋጥ ነበር» ብላ ማንም ሳያዛት ወሰደችው። መዝዛ አወጣችው፣ በናፍጣ አጠበችው፣ ጠመኔውንም አብራ አጠበችው። ከዚያ አንዲት ጎረቤት በበሩ ብቅ ብላ «እቴቴ፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው መጥቷል» አለቻት፤ እሷም ቶሎ ብላ ሻጥ አድርጋ፣ እያንጸባረቀ ጠረጴዛው ላይ መልሳው፣ በራሷ ኮርታ ሄደች። ጋሼ ያገኙት እንደዚያ ነው። ንጹሕ፣ የሚያበራ፣ አንዲት ጥርስ የሳተ።

በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። በስልሳ ስምንት ዓመቷ «ተሳሳትኩ» ያለችበትን ቀን ብትፈልግ አታገኘውም። በጋብቻዋ ዘመን አላለችም፣ ልጅ ስታሳድግ አላለችም፣ ባሏ ሊሞት ሲል እንኳን «አስቀይሜህ ከሆነ» ነው ያለችው እንጂ «አስቀይሜሃለሁ» አላለችም። አሁን ማንም አላያትም። ሬዲዮ ውጭ ቆሞ ከአንድ ሎተሪ ሻጭ ጋር እየተሟገተ ነው። ክሯን ሳፋው ውስጥ ብትጥላት፣ ክንዱን አንድ ጥርስ አዙራ ብትመልሰው፣ መኪናዋ ትድናለች። ለልጇም «አንተ ነህ» ብትለው ያምናታል፤ ጠመኔው ስለሌለ ማረጋገጫ የለውም። እንዲያውም ለትዕቢቱ መድኃኒት ይሆነዋል። አሰበችው። እስከ ጫፉ ድረስ አሰበችው፣ ጣዕሙንም ቀመሰችው፤ ከዚያ ክሯን መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት።

ጥላ ሲያርፍባት ቀና አለች። ጋሼ ቁልፍ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ቆመዋል። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ፈልገው ካርዳኑን አገኙት፤ ጣታቸው በዘንጉ ላይ ሄዶ አንዱን ጆሮ፣ ከዚያም ሌላውን ዳሰሰ።

«አገኘሽው?» አሏት።

«አንቱ ያውቁ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ከሥሯ ስገባ ዳሰስኩት። ጆሮው ስቷል።»

«እና ምነው ዝም አሉ?»

ጋሼ ዘንጉን በአውራ ጣታቸው አሹ። «ታጥቦ ነበር» አሉ። «ከልጅሽ እጅ ታጥቦ የመጣ ዕቃ አይቼ አላውቅም።» «ነገሩን ተይውና መልሰሽ ግጠሚው» ብለው ወደ ክፍላቸው ዞሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ቀድመው ልከው መቃኑን ነኩ፣ ከዚያ ገቡ።

ኢንጂነሩ የመጣው ስምንት ሰዓት አልፎ ነው፤ አራት ጎማ በጋሪ አስጭኖ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ። ካርዳኑን ጠረጴዛ ላይ፣ እናቱን በርጩማ ላይ ሲያያቸው ቆመ። ሬዲዮም የሚሰማ ነገር እንዳለ ሸትቶት ገባ።

«ጎማውን መልሰው» አለች እቴቴ። «ካርዳኑ ነው። አንዲት ጥርስ ስቶ ገብቷል።»

«አላልኩህም?» አለ ኢንጂነሩ ወደ ሬዲዮ ዞሮ። «የጋሼ ዓይን...»

«የጋሼን ዓይን ከአፍህ አውጣ። አጥቤ አሳስቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ።» ክሯን በመዳፏ አድርጋ አሳየችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጥርስ የሚነቀልባት ያህል ተሰማት።

ልጇ ክሯን አየ፣ እናቱን አየ፣ ሳቀ። ቀልሎት ነው የሳቀው። «ኧረ እማዬ! አንቺ ከሆንሽማ ምን ችግር አለው? ማን የማይሳሳት አለ? ዋናው መገኘቱ ነው።» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

እቴቴ እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳችው። «ጠዋት በዚህ ቆርቆሮ በኩል ሰምቼሃለሁ። ጥፋቱ የእሳቸው ሲሆን ከቤት ያስወጣል፣ የእኔ ሲሆን ማን የማይሳሳት አለ? ይሄን ሚዛን ከየት ገዛኸው፣ ጎማ ከምታስመዝንበት ነው?»

«እኔ እኮ አልሰማሁም» አለ ሬዲዮ። እስኪመሽ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል ማለቱ ነው።

«እማዬ፣ ክፍሉን እኮ ለእንግዳ መቀበያ ነው ያሰብኩት» አለ ልጇ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንበኛ ቁጭ የሚልበት የለም። መስታወት አድርገንበት፣ ወንበር አስገብተን...»

«የአባቱን ወንድም አስወጥቶ እንግዳ የሚቀበል ቤት በዕድሜዬ አልሰማሁም። በዚህ ጥፋት ሰው ከክፍሉ የሚወጣ ከሆነ ከእኔ ክፍል ጀምር። ልብሴ ትንሽ ነው፤ አያስቸግርህም።»

ኢንጂነሩ ወለሉን አየ። ጎማዎቹን አየ። ከዚያ ካርዳኑን አንስቶ ጆሮና ጆሮውን አገናኘ፣ ጠመኔ ፈልጎ አሰመረበት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ራሱ ወርዶ ስምንቱንም ቡሎን አሰረ። ሬዲዮ ሞክሯት ሲመለስ ከሩቅ ነበር የሚጮኸው፦ «ሰማንያ ላይ ሻይ ብትቀዳ አይፈስም!» አሥር ሰዓት ላይ መኪናዋ የጓንት ካርቶኗንና ብርድ ልብሷን እንደ ጫነች በበሩ ወጥታ ሄደች። ማንም ለማንም እንኳን ደስ አለህ አላለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እቴቴ ወደ ጋሼ ክፍል ሄደች። አንድ አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ በቡሎንና በዳዶ የተሞላ ጣሳ፣ አልጋው ላይ ደግሞ በአንሶላ የታሰረ ጓዝ። ሰምተው ኖሯል። ቆርቆሮ ለአንድ ጆሮ ብቻ አይደለም።

«ይፍቱት» አለች ጓዙን እያሳየች። «የትም አይሄዱም። ተነጋግረናል።»

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጓዙን አልነኩም። እቴቴ ሊያመሰግኗት ፈልገው ቃል ያጡ መስሏት ልትወጣ ስትል ተናገሩ።

«ለምን ዝም አሉ አልሽኝ።»

«አዎ።»

«የአንቺን ጥፋት ሸፍኜ መስሎሽ እንደሆነ፣ እሱም አለበት። ግን ልጁ የተናገረው ውሸት አይደለም። ግራው ከሄደ ቆየ። ቀኙ ጥላ ያሳየኛል። ባለፈው ወር የአንድ ታክሲ የፊት ጎማ አራት ቡሎን አጠበቅኩ፣ አምስተኛውን ግን እንደላላ ተውኩት። ባለታክሲው ራሱ አይቶ አጠበቀና ‹አባባ እንዳይከፋዎት ለማንም አልናገርም› ብሎኝ ሄደ። ይሄኛው የእኔ አይደለም። ያኛው የእኔ ነው። ልጁ በዚህ ሲያስወጣኝ በዚያ እንዳስወጣኝ ቆጠርኩት።»

እቴቴ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። ቀኑን ሙሉ የተሟገተችላቸው ሰው በተከሰሱበት ንጹሕ፣ ባልተከሰሱበት ጥፋተኛ ሆነው ከፊቷ ተቀምጠዋል። የማትረዳው ነገር አልነበረም፤ ብታልቅስ ደስ ባላት። ግን ነገ ጠዋት የሚገባው የተማሪዎች መኪና ነው፣ ለፍሬን። የፍሬን ሥራ በዚህ ግቢ ሁልጊዜ የጋሼ ነው።

«ጋሼ» አለች። «ከነገ ጀምሮ ፍሬን አይነኩም።»

ጋሼ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ያለችበትን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። «ልጁ ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። ፍሬን አይነኩም፣ መሪ አይነኩም፣ ጎማ አያስሩም። ካምቢዮ አለልዎት፤ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሁሉ የእርስዎ ነው።»

ጋሼ ቁልፍ ከጋራዡ ሥራ አንድም ነገር ተነጥቀው አያውቁም። ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳን «ይህን ተው» ብሏቸው አያውቅም። «እሺ» አሉ። በሩን ዝጋ የተባለ ሰው እሺ እንደሚለው፣ ያለ ክብደት። እቴቴ በጩኸት ቢመልሱላት ትመርጥ ነበር።

ስትወጣ ልጇ ከክፍሉ ትይዩ ቆሞ አገኘችው፤ ይቅርታ ሊል መጥቶ ድፍረት ያጣ ይመስላል፣ ኮፍያውን በእጁ ያዟዙራል።

«ነገ የተማሪዎቹን መኪና አንተ ሥራው» አለችው።

«ፍሬኑን? የጋሼ ሥራ አይደል?»

እቴቴ ወደ ጋሼ በር ዞራ አየች። ልጁ ፊቷን አየ፤ ቀስ እያለ ገባው። ለአፍታ «አላልኩሽም?» የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ስታየው ጠበቀችው፤ ቢለው ጥፊ፣ ባይለው ምን እንደምታደርግ አታውቅም። አላለውም። ውስጥ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ጣሳው ከመደርደሪያው ወደቀና ቡሎንና ዳዶው በወለሉ ላይ ተበተነ። ከዚያ ደግሞ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲሚንቶ በመዳፉ ሲዳብስ የሚሰማው ድምፅ፣ አንድ ዳዶ ጣሳ ውስጥ ጠብ፣ ቆይቶ ሌላ ጠብ። ልጅየው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ። እቴቴ ክንዱን ይዛ አስቀረችው። ሁለቱም ቆመው፣ ሳይተያዩ፣ የመጨረሻው እስኪገኝ ድረስ አዳመጡ።